የአውድማው ወላጅ

አቶ ወዳጆን በመጀመሪያ ያየኋቸው ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አጎት ሆነው ቢሮ ሲመጡ ነው። በሳምንቱ ለሌላ ልጅ አጎት ሆነው መጡ። በሦስተኛው ላይ ነቃሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ሰው የወንድም ልጅ በዛበት ተብሎ አይከሰስም።

ያኔ ቡልቡላ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ከዩኒት ሊደሩ ከጋሽ ዘርአጽዮን በር አጠገብ ነው። ዩኒት ሊደር ማለት የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚጠብቅ መምህር ነው፤ ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ አጥር የዘለለ ሁሉ መጨረሻው እሱ ቢሮ ነው። በእኔና በእሳቸው መሀል ያለው ግድግዳ ችፑድ ስለሆነ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ባልፈልግም እሰማለሁ። ደግሞ እፈልጋለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት ነው፤ ከተማው በሙሉ የሚቆፈርበትና የሚገነባበት ዘመን። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ኮንዶሚኒየም፣ ከፊታችን ኮንዶሚኒየም፣ በመሀል ሲኖትራክ። ጠዋት የወለወልኩት ኮምፒውተር ለምሳ ስነሳ አቧራው ላይ ስም ይጻፍበታል። ሰው ከመርካቶም ከካዛንቺስም እየተነሳ ወደኛ ሲጎርፍ ተማሪው በዛና በፈረቃ ማስተማር ጀመርን።

ከሰዉ ጋር ስልኩም መጣ። አምና በክፍል አንድ ሁለት ልጅ ነበር የሚይዘው፤ ዘንድሮ የሌለው ልጅ ጠፋ። አብዛኛው የቻይና ባለ ሁለት ሲም ነው፤ ሲጮህ ሰርግ ቤት ያለህ ይመስልሃል። ባንዲራ ሲሰቀል ይጮሃል፣ መምህር ሲያስረዳ ይጮሃል፣ በፈተና ሰዓት ደግሞ ድምፁ ጠፍቶ መልስ ያመላልሳል። አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህርታችን ጭቃ አዳልጧት ስትወድቅ አንዱ ጉድ ቀረጻት፤ ሳትነሳ ቪዲዮው ገርጂ ደርሷል። ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ አልቅሳለች። ስለዚህ መመሪያው ሲመጣ እኔ በበኩሌ እልል ነው ያልኩት።

መመሪያውን ራሴ ታይፕ አድርጌ ለጠፍኩት። ስልክ የትምህርት ቤቱን በር አያልፍም። የተያዘበት ተማሪ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያመጣል፤ ያ ሰው ፈርሞ ስልኩን ወደ ቤት ይወስዳል። ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ እንደገና ወላጅ አምጥቶ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይፈርማል፤ ስልኩም እስከ ሰኔ ይታሰራል። ሐሰተኛ ወላጅ ያመጣ ግን ዓመቱን ይሰናበታል። ጋሽ ዘርአጽዮን ይህን በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲያነቡ ከአስረኛ ክፍል ሰልፍ መሀል ስልክ ጮኸ። ዘፈኑን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

የመጨረሻው አንቀጽ የገባው ያለምክንያት አይደለም። በዚህ አገር የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተማሪ መምህሩን አይፈራም፣ «ወላጅ አምጣ» መባልን ነው የሚፈራው። አባቱን ከሚያመጣ ከመንገድ ላይ አባት ይፈልጋል። ሎተሪ አዟሪ አጎት ይሆናል፣ ሊስትሮ ታላቅ ወንድም ይሆናል። በእኛው ትምህርት ቤት አንዱ የታክሲ ረዳት አምጥቶ ነበር። ረዳቱ ሙልጭ አድርጎ ሲቆጣ ቆይቶ፣ ልክ ሲወጣ «በል ብራዘር፣ ሒሳብ» አለ። ጋሽ ዘርአጽዮን ሁለቱንም አባረሯቸው።

አቶ ወዳጆ ግን ሌላ ናቸው።

ትምህርት ቤቱ የቆመበት መሬት የእሳቸው ነበር። ከቢሮው ጀርባ ያለው ኳስ ሜዳ ጤፍ ይዘሩበት የነበረ ነው፤ የአስተዳደሩ ሕንፃ ደግሞ ያረፈው አውድማቸው ላይ ነው። መሬቱ ለቤት ግንባታ ሲወሰድ ካሳና ትንሽ ቦታ ተሰጣቸውና እዚያው ከአጥሩ ጀርባ ቤት ሠርተው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ደሪቱ ጋር ተቀመጡ። ልጅ አልወለዱም። በሬዎቹ ተሸጡ። ዕድሜ ልኩን ጎህ ሲቀድ በሬ ሊጠምድ የተነሳ ሰው በሬው ሲሸጥ በማለዳ መንቃቱ አብሮ አይሸጥለትም። እናም አቶ ወዳጆ በማለዳ ተነስተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አያማርሩም፣ አይራገሙም። ተማሪው ሲገባ እያንዳንዱን ያዩታል፤ ሰላም ያለውን ሰላም ይላሉ።

መጀመሪያ የለመናቸው ሱልጣን የሚባል ቀልቃላ ልጅ ነው። ስልኩ በር ላይ ተይዞበት ነበር።

«አባባ፣ አጎቱ ነኝ ብለው ይግቡልኝ» አላቸው።

«አጎትህ ነኝ?»

«አይደሉም። ግን ነኝ ይበሉ።»

«የት ነው የምለው?»

«እዚያ፣ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ።»

አቶ ወዳጆ ወደ ሕንፃው ተመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያ እኮ አውድማዬ ነው፤ አውድማ ላይ አይዋሽም» አሉት።

ገበሬ ያሳደገው ሰው ይህን ያውቃል። እህል በተዘረጋበት አውድማ ላይ በጫማ አይገባም፣ አይሰደብም፣ አይዋሽም፤ በረከቱ ይሸሻል። እህሉ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ቦታው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ሴራሚክ ተነጥፎበት፣ የጋሽ ዘርአጽዮን ጠረጴዛ ተቀምጦበታል። ለአቶ ወዳጆ ግን ያው አውድማ ነው።

ሱልጣን ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ ሲል ጠሩት። «ውሸት ከሆነ አልገባም። እውነት እናድርገውና እገባለሁ» አሉ።

ልጁን ይዘው ቤታቸው ሄዱ። ወይዘሮ ደሪቱ የሙስሊም ልጅ መሆኑን ጠይቀው ተረዱና ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ አቀረቡለት። ከአንድ ሳህን በሉ። አቶ ወዳጆ ጎረቤታቸውን ጠርተው ምስክር አስቀመጡና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ የወንድሜ ልጅ ነው። ሲርበው አበላዋለሁ፣ ሲያጠፋ እቀጣዋለሁ» አሉ። ልጁንም «አጎቴ ነዎት» አስባሉት። ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ወደኛ መጡ።

በእሳቸው ወገን የሰው ልጅ ተቀብሎ የራስ ማድረግ ቀልድ አይደለም። ጉዲፈቻ ነው ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። «አይ፣ ጉዲፈቻ ትልቅ ነገር ነው፤ አባ ገዳ ያለበት ነው። ይሄ ታናሹ ነው» አሉኝ።

የጋሽ ዘርአጽዮን በር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ጋሽ ዘርአጽዮን ለቢሮአቸው ክብር መስሏቸው ደስ አላቸው፤ «ኧረ ግድ የለም አባቴ፣ ይግቡ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ሴራሚኩ እንዳይቆሽሽ የሰጉ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም አልገባንም።

ወሬው በአንድ ሳምንት ክፍሉን ሁሉ አዳረሰ። «ቀላል ነው፤ ትበላለህ፣ አጎት ታገኛለህ» ተባባሉ። እዚህ ላይ ነው የተሸወዱት። አቶ ወዳጆ ፈርመው የተቀበሉትን ስልክ በዚያው ቀን አይመልሱም። ቅዳሜ ቤታቸው መምጣት አለ፤ ደብተር ይዞ መምጣት አለ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደግሞ አጥሩ ሥር ቆመው፣ «ካርድህን አምጣ» ይላሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቀይ እስክሪብቶ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ሱልጣን ሁለት ቀይ ይዞ ሲመጣ ከድንጋዩ ላይ ሳይነሱ አንድ ሰዓት መከሩት።

«ኧረ ሮዳስ፣ እኚህ ሰውዬ ከአባቴ ይብሳሉ!» ብሎ እኔ ጋ መጥቶ አማረረ። «አባቴ ካርድ ጠይቆኝ አያውቅም። ሲሪየስሊ!»

«ጭኮውን ስትበላ ጣፍጦህ ነበር አይደል?» አልኩት።

ይባስ ብሎ አቶ ወዳጆ የመመሪያው ደጋፊ ናቸው። ስልክ በኪስ የተያዘ ገበያ ነው ይላሉ፤ ገበያ መሀል ተቀምጦ ማን ይማራል? ቅዳሜ ቤታቸው የሚመጣ ልጅ ሁሉ ስልኩን በር ላይ ለወይዘሮ ደሪቱ ያስረክባል። እሳቸውም እህል ይሰፍሩበት በነበረው ቁና ውስጥ ይከቱታል። ስንት ወላጅ ልጁን ሲኤምሲ የግል ትምህርት ቤት የሚያስገባው ይህን ቁጥጥር ፍለጋ ነው፤ የእኛዎቹ ቡልቡላ በነፃ አገኙት፤ ያውም ሳይፈልጉ።

ጋሽ ዘርአጽዮን እንዴት አላወቁም የሚል ይኖራል። ግማሹን ልጅ የሚያስተናግደው የጠዋት ፈረቃው ዩኒት ሊደር ነው። ደግሞም በቀን ይህን ያህል ወላጅ የሚያይ ሰው ፊት መለየት ያቆማል፤ ፊርማ ብቻ ነው የሚያየው።

ሶሬቲ ላጲሶ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቷ አቶ ላጲሶ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ የኮንዶሚኒየም ፎርማን ሆነው አያት ሳይት ላይ ይሠራሉ፤ ከሥራ ወደ ጸሎት ቤት፣ ከጸሎት ቤት ወደ ሥራ የሚሉ ጥብቅ ጴንጤ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ በውስጡ አምስት ልጅ። ሶሬቲ ጥቅምት ላይ በር ላይ ስልክ ተያዘባት። አባቷን ከምታመጣ ብትሞት ስለመረጠች እሷም እንደ ሌሎቹ ድንጋዩ ጋ ሄደች፤ በላች፤ አጎት አገኘች።

ልዩነቱ እሷ ቅዳሜን ወደደችው። በወይዘሮ ደሪቱ ጓሮ የተጋደመ አሮጌ ሞፈር አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ታጠናለች። ቤታቸው የማታገኘው ጸጥታ እዚያ አለ። እናቷን ጓደኛዬ ጋ ነኝ ትላቸዋለች። አቶ ወዳጆም የሌሎቹን ካርድ ሲያዩ ይመክራሉ፤ የሷን ሲያዩ ግን ዝም ብለው ለወይዘሮ ደሪቱ ያሳዩአቸዋል፤ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም፤ ሁለቱም ቀይ የሌለበትን ወረቀት አይተው ደስ ይላቸዋል።

ፋሲካ አልፎ የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ሶሬቲ ሌሊት እየተነሳች ማጥናት ጀመረች። ስልኳ የሚያስፈልጋት ለመቀስቀሻ ብቻ ነበር። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲያነቃት ብላ በስልኩ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ሞላችው፤ የፈረንጁን ጠዋትና ማታ ግን አቀያየረችው። ሌሊት ሳይጮህ ቀረ። እሷም እንቅልፍ ጥሏት አርፍዳ ተነስታ፣ ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ መሆኑን ረስታ መጣች፤ የበር ፈታሿም አላገኘችውም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ሳለ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልክ በመዝሙር ጮኸ።

ስልኩ ጋሽ ዘርአጽዮን ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሶሬቲ ተከትላ ገባች።

«ነገ አጎቴን አመጣለሁ» አለች።

«አጎትሽማ ጥቅምትም መጥተው ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ አባትሽን ነው የማነጋግረው» አሉ ጋሽ ዘርአጽዮን። ስልኩን ከፍተው ፈለጉ፤ «አባዬ» የሚለውን አገኙ፤ ደወሉ። ከግድግዳው ማዶ የእሳቸውን ወገን ብቻ ሰማሁ።

«አቶ ላጲሶ? … አይ ሶሬቲ አይደለችም፤ ደህና ናት። ከትምህርት ቤት ነው … አዎ፣ በስልክ ተይዛለች። ዓርብ ጠዋት ከወንድምዎ ጋር ቢመጡ … ወንድምዎ … ጥቅምት ላይ የፈረሙልን እኮ ናቸው … የለዎትም? … የእናቷ ወንድምስ? … ሆሳዕና?» ከዚያ የፊርማው መዝገብ ሲገለጥ ሰማሁ። «እንግዲያው ዓርብ ይምጡ» ብለው ዘጉ።

ሶሬቲ ስትወጣ ከለጠፍኩት መመሪያ ፊት ቆመች። የሐሰተኛ ወላጅ ቅጣት ምን እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን፤ ከግድግዳው ላይ እየታየ ነው። ዓመቱን ከተሰናበተች ፈተናው ያልፋታል። ፈተናው ካለፋት ደግሞ፣ አምስት ልጅ ባለበት ቤት፣ «በይ እንግዲህ ሥራ ፈልጊ» የሚባልበት ቀን ሩቅ አይደለም። ቢሮው የእኔ ቢሆን መመሪያውን ቀድጄ በጣልኩት ነበር፤ እልል ያልኩት እኔው ራሴ።

ዓርብ ጠዋት አቶ ላጲሶ በሲሚንቶ በነጣ ጫማ መጡ፤ ቀጥ ያሉ፣ ፈገግታ የማያውቁ ሰው። አቶ ወዳጆ ከኋላቸው መጡ፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ሶሬቲ ጥግ ቆመች። እኔም ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠርቼ ገባሁ።

«እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?» አሉ ጋሽ ዘርአጽዮን።

«አላውቃቸውም» አሉ አቶ ላጲሶ።

«የልጅዎ አጎት ነኝ ብለው ፈርመዋል።»

አቶ ላጲሶ ዞረው ሽማግሌውን ከራስ እስከ እግር አዩአቸው፤ ባዶ እግራቸው ላይ ትንሽ ቆዩ። ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ሶሬቲ መሬት መሬት ታያለች።

ጋሽ ዘርአጽዮን ክፉ ሰው አይደሉም። ብዙ ልጅ አባረው ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሰው ናቸው፤ ይህን ባለቤታቸው ነግራኛለች። ስለዚህ መውጫ በር ከፈቱላቸው። «አቶ ላጲሶ፣ እስቲ በደንብ ያስቡ። የሩቅ ዘመድ ይሆናሉ፤ ሰው ዘመዱን ሁሉ አያውቅም። ዘመዴ ናቸው ካሉ ነገሩ በማስጠንቀቂያ ያልቃል። ልጅቷ ፈተና አለባት።»

አቶ ላጲሶ ነገሩ ገብቷቸዋል። «ጌታን የማመልክ ሰው ነኝ። ለልጄም ቢሆን አልዋሽም» አሉ።

ጋሽ ዘርአጽዮን ወደ ሌላኛው ዞሩ። «እንግዲያው እርስዎ አባቴ፣ ልጄ አይደለችም፣ ለምናኝ ተሳስቼ ነው ይበሉና ይፈርሙ። ጥፋቱ የሷ ብቻ ይሆናል፤ እርስዎ በሰላም ቤትዎ ይሄዳሉ። ካልሆነ ግን በሐሰት ፈርመዋል ተብሎ ወደ ፖሊስ ነው የሚሄደው።»

«አልልም» አሉ አቶ ወዳጆ።

«ለምን?»

«ልጄ ናታ! ቤቴ በልታለች። ምስክር አለ። አንተ የተቀመጥክበት አውድማዬ ነው፤ እዚህ ላይ ልጄ አይደለችም ብዬ አልዋሽም።»

ሶሬቲ በእጇ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ንዴት አቃጠለኝ። ሁለት እውነተኛ ሰዎች ተጋግዘው አንዲት ልጅ ሊያጠፉ ነው! አንዱ ትንሽ ቢዋሽ ምን ነበረበት? እኔ ብሆን ለሷ የእናቴን ስም እቀይር ነበር።

ጋሽ ዘርአጽዮን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ሰኞ እወስናለሁ። ሁላችሁም ሰኞ ጠዋት» አሉ። መወሰን ስላቃታቸው መሆኑን ሁላችንም አወቅን።

ቅዳሜ የሆነውን የነገሩኝ ወይዘሮ ደሪቱ ናቸው። አቶ ላጲሶ በጠዋት ልጃቸውን አስነስተው፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ የምትውይበትን ቤት አሳዪኝ» አሏት። ሊጣሉ ነው የመጡት፤ ፊታቸው ያስታውቃል። ግቢው ውስጥ ሲገቡ እነሱልጣን አጎንብሰው ይጽፋሉ፤ ማንም ቀና አላለም። በሩ ጎን ያለው ቁና ስልክ ሞልቶበታል። አቶ ላጲሶ ቁናውን ትንሽ አዩትና፣ «ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«እዚህም አይፈቀድም» አሉ ወይዘሮ ደሪቱ።

ሶሬቲ ሞፈሩን አሳየቻቸው። ከተቀመጠችበት ብዛት መሀሉ ለስልሷል። አቶ ላጲሶ እጃቸውን ሰደው ዳሰሱት፤ እንጨት የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«ለምን ይህን ያደርጋሉ?» አሉ ወደ አቶ ወዳጆ ዞረው። «ምን ያገኛሉ?»

«አፌ ብሏል» አሉ አቶ ወዳጆ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አንተ ቀኑን ሙሉ ለሰው ቤት ስትሠራ ትውላለህ። እኔ ቤት የተሠራበት መሬት ላይ ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ። ልጅ ጠባቂ ከጠፋ ከሁለታችን ማንኛችን ጊዜ አለን?» አሉ።

አቶ ላጲሶ ከአጥሩ ባሻገር ወዳሉት ሕንፃዎች አዩ። «እነዚያ ብሎኮች ላይ ነው ሥራ የጀመርኩት። ሜዳው ላይ ጤፍ ነበር። መሠረቱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፤ ቢጫ ቆብ ነበረህ» አሉ አቶ ወዳጆ።

ወይዘሮ ደሪቱ ጨጨብሳ አቀረቡ። አቶ ላጲሶ አልበላም አላሉም፤ እንጸልይ አሉ። ጸሎታቸው ረጅም ነበር፤ ጨጨብሳው በረደ፤ አቶ ወዳጆ ኮፍያቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ቆሙ። ሱልጣን ቀና ብሎ ሊስቅ ሲል በዱላ ጎሸም አደረጉት። ከዚያ ሁለቱ ከአንድ ሳህን በሉ። ያው ጎረቤት ለምስክርነት ተጠራ።

ሰኞ ጠዋት ከጠረጴዛዬ ቀና ስል አቶ ላጲሶ የጋሽ ዘርአጽዮን በር ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈታሉ። አጠገባቸው አቶ ወዳጆ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ጫማዎቹ ጎን ለጎን በር ላይ ቀሩ፤ አንዱ በሲሚንቶ የነጣ፣ አንዱ የላስቲክ።

«ዓርብ አላውቃቸውም አልኩ፤ እውነቴን ነበር» አሉ አቶ ላጲሶ ሳይቀመጡ። «ዛሬ አውቃቸዋለሁ። የልጄ አጎት ናቸው። ይሄም እውነት ነው።»

«በሁለት ቀን?» አሉ ጋሽ ዘርአጽዮን።

«በሁለት ቀን።»

«ፊርማው ግን የጥቅምት ነው። ያኔ እርስዎ አያውቋቸውም ነበር።»

አቶ ወዳጆ ጣልቃ ገቡ። «እኔ በጥቅምት አውቄያለሁ። እሱ ነው የዘገየው።»

ጋሽ ዘርአጽዮን ሊስቁ ፈለጉ፣ አፈሩ፣ ሳል አስመሰሉት። መመሪያውን አውጥተው አነበቡት። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይላል፤ አሳዳጊ ማለት ማን እንደሆነ አይልም። ቢሆንም ሥራቸው ነውና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ለሌላ ተማሪ ፈርመው ያውቃሉ?»

እኚህ ሰው አይዋሹማ!

«አዎ፤ ሱልጣን አለ፣ ፌናን አለች፣ ዑቕባይ የሚሉት ረጅሙ ልጅ አለ …»

«ሮዳስ፣ አትጻፊው» አሉኝ ጋሽ ዘርአጽዮን። እኔ ቀድሞውንም እስክሪብቶዬን ክዳኑ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ሶሬቲ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሁለቱም ሰዎች ፈረሙ፤ አንዱ በእስክሪብቶ፣ አንዱ በአውራ ጣት። ልጅቷ አባቷን ልታቅፍ ሄዳ መሀል ላይ ቆመች፤ ማንን ቀድማ እንደምታቅፍ ጠፋባት። ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ ወጥቼ ጠረጴዛዬን ወለወልኩ።

ፈተናውን ተፈተነች። በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ወደ መሰናዶ የሚያስገባት ሆነ። ሰኔ ላይ የታሰሩት ስልኮች ሲመለሱ አቶ ላጲሶ ሳይት ላይ ስለነበሩ፣ «አጎቷ ይፈርሙላት» ብለው ላኩ። አቶ ወዳጆ ፈርመው ተቀበሉ። ሶሬቲ ግን ስልኩን ከእጃቸው አልወሰደችም።

«እርስዎ ጋ ይሁን» አለቻቸው። «አባቴ መሰናዶ ስገባ ሌላ ይገዛልኛል።»

«ገበያ በኪሴ ልሸከም?» አሉ። ግን አልመለሱላትም። እንዴት እንደሚነሳና እንደሚዘጋ አሳየቻቸው፤ ሌላውን አልፈለጉም። ሰውየው በስልሳ ምናምን ዓመታቸው ባለስልክ ሆኑ፤ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡ የደረት ኪሳቸው ያብጣል።

በአዲሱ ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ አዲስ የገባ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በር ላይ ተያዘ። ጋሽ ዘርአጽዮን ወላጁን እንድጠራ ወደ እኔ ላኩት። የማን ልጅ እንደሆነ ስጠይቀው ዓይኖቹ ተቅበዘበዙና፣ «ከአጎቴ ጋር ነው የምኖረው» ብሎ የስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ቁጥሩን አየሁት። በቃሌ የማውቀው የሶሬቲ ቁጥር ነው። ከላይኞቹ ክፍሎች አንዱ እንደሰጠው ገባኝ። ደወልኩ።

«ሃሎ!» አሉ አቶ ወዳጆ፤ መንገድ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ጮክ ብለው።

«አቶ ወዳጆ፣ ከትምህርት ቤት ነው። ልጅዎ በስልክ ተይዟል።»

«የትኛው?»

የልጁን ስም ነገርኳቸው። ስሙን ለወይዘሮ ደሪቱ ሲደግሙላቸውና እሳቸው «ኧኧ» ሲሉ ሰማሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እጄን እጄን ያያል።

«እሱ ገና አልበላም» አሉኝ። «አሁን ላኪልኝ፤ ሲበላ ይዤው እመጣለሁ።»